ጉግል ሰርች ኮንሶል ባልትና ቤት ገብቶ ሲፈተን

ፍርዱን ላስቀድመው። ሰርች ኮንሶል ጉግል ለዌብሳይት ባለቤቶች ያዘጋጀው መሣሪያ ነው፣ ነፃ ነው። ቋንቋው ግራ ያጋባል። ችግራችሁን ፊታችሁ ቁጭ ያደርግላችኋል፣ መፍትሔውን ግን ራሳችሁ ፈልጉት ይላል። እንደዚያም ሆኖ ለአክስቴ ዌብሳይት ብር ከወጣባቸው ነገሮች ሁሉ እሱ በልጦብኛል። ከ5 ኮከብ 4 እሰጠዋለሁ። አንዷን ለምን እንደቀነስኩ እግረ መንገዴን እናገራለሁ።

አክስቴ ባልትና ቤት አላት። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ሚጥሚጣ፣ መከለሻ፣ በሶ፣ ቆሎ፣ የሕፃናት ምጥን ትሸጣለች። ደንበኞቿ ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ የሰፈሩ ሰው ነው፤ እሱ ጉግል አያስፈልገውም፣ ቅመም የሚታመስ ዕለት ሽታው ራሱ ይጠራዋል። ሌላው ውጭ አገር ያለ ሰው ነው። ዲሲ ወይም ዱባይ ሆኖ፣ ራሱ ለእረፍት ሊመጣ ሲል ወይም ከአገር ቤት ዘመድ ሊመጣለት ሲል፣ "በርበሬ አዘጋጅቶ የሚያሽግልኝ ማን አለ?" ብሎ ስልኩ ላይ ይፈልጋል። ዌብሳይቱ የተሠራው ለዚህኛው ነው። እኔ ሙያዬ ሂሳብ ነው። "ኮምፒውተር ላይ አይደል እንዴ የምትውይው?" ተብዬ ነው ነገሩ እኔ ላይ የወደቀው።

ከእኔ በፊት ሥራውን የያዘው አንድ የዲጂታል ማርኬቲንግ ድርጅት ነበር። ስሙን ተዉት። የላኩት ልጅ አፉ ጣፋጭ ነው። "እናቴ፣ በ3 ወር ውስጥ ጉግል አንደኛ ገጽ ላይ ቁጭ ነው የምናደርግዎት፣ ዋስትና አለው" ብሎ አክስቴን አስፈረማት። ጉግል ግን ለሳይት ባለቤቶች ባወጣው መመሪያ ላይ፣ አንደኛ ደረጃን ማንም ዋስትና ሊሰጥበት እንደማይችል በግልጽ ጽፏል። ለማስታወቂያ ይከፈላል። ከማስታወቂያው ውጭ ላለው ውጤት ግን ብር ተቀብሎ ደረጃ አይሸጥም። ይህን የሚያውቅ ሰው እኛ ቤት አልነበረም። ሪፖርቱ ደግሞ በየወሩ አምሮ ይመጣል፣ ባለ ቀለም ነው። "ይህን ያህል ቁልፍ ቃላት ተጨምረዋል" ይላል። ቃላቱ የተጨመሩት የት መሰላችሁ? ሜታ ኪወርድስ የሚባል፣ አንባቢ የማያየው ቦታ ላይ። ጉግል ይህን ቦታ ለደረጃ እንደማይጠቀምበት በይፋ የተናገረው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው።

ወደ ዕቃው ልግባ። ሰርች ኮንሶል ድሮ ዌብማስተር ቱልስ ነበር የሚባለው፤ ስሙ የተቀየረው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። የሚያሳያችሁ ጉግል ሳይታችሁን እንዴት እንደሚያየው ነው። የትኛውን ገጽ ለፍለጋ መዘገበ? የትኛውን ተወ? ሰዎች ምን ብለው ጽፈው ነው እናንተ ጋ የደረሱት? ሰውየው ሳይቱ ውስጥ ከገባ በኋላ ያደረገውን አይነግራችሁም፣ ያ አናሊቲክስ የሚባለው ሌላው የጉግል መሣሪያ ሥራ ነው።

ለመጀመር የሳይቱ ባለቤት መሆናችሁን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው የሚደናቀፈው እዚህ ላይ ነው። ዶሜኑን፣ ማለትም የሳይቱን የአድራሻ ስም፣ በሙሉ ለማስመዝገብ ዲኤንኤስ የሚባለው የዶሜኑ ማስተካከያ ውስጥ ገብቶ አንድ መስመር መጨመር ይጠይቃል። የእኛ ዶሜን ደግሞ የተመዘገበው በዚያው ድርጅት ስም ነበር። መግቢያውን ስንጠይቅ "ነገ"፣ ነገ ሲሆን "ሰኞ"። ደግነቱ ሌላ መንገድ አለ። አንድ ትንሽ ፋይል ሳይቱ ላይ መጫን ወይም ገጹ ራስጌ ላይ አንድ መስመር ኮድ መለጠፍ ይበቃል። ሳይቱ የተሠራበት የዎርድፕረስ ፕሮግራም የይለፍ ቃል ስለነበረኝ በዚያ ጨረስኩ። ሥራውን ለሌላ ሰው የምትሰጡ ከሆነ ባለቤትነቱን ለራሳችሁ ያዙ። ኮንሶሉ ባለቤት፣ ሙሉ ፈቃድ ያለው እና የተገደበ ተጠቃሚ ብሎ ይለያል። ሪፖርት ለሚያወጣላችሁ ሰው የተገደበው በቂ ነው።

ሪፖርቱ እስኪሞላ ጥቂት ቀን ይወስዳል። ከዚያ ገጾችን የሚያሳየውን ክፍል ስከፍት፣ የተመዘገበ ገጽ የለም ማለት ይቻላል። ምክንያቱም እዚያው ተጽፏል፦ በኖኢንዴክስ ታግ የተገለለ።

ነገሩ ይህ ነው። ዎርድፕረስ ላይ ሳይት ሲሠራ፣ ሥራው እስኪያልቅ ጉግል እንዳይመዘግበው የምታደርግ አንዲት ሳጥን አለች። ሴቲንግስ ውስጥ፣ ሪዲንግ ከሚለው ሥር ትገኛለች። ሠሪው ምልክት ያደርግባታል፣ ሲጨርስ ያነሳታል። የእኛው አላነሳትም። ሱቅ ከፍቶ መዝጊያውን ከውስጥ ቀርቅሮ ደንበኛ እንደመጠበቅ ነው። ያ ሁሉ ወር "አንደኛ ገጽ" እየተባለ ብር ሲከፈል፣ ሳይቱ ጉግልን "አትመዝግበኝ" እያለው ነበር። ምልክቷን ለማንሳት አንድ ክሊክ በቂ ነው። ለአክስቴ ሳስረዳት "ታዲያ ያ ልጅ ምን ሲያደርግ ነው የከረመው?" አለችኝ። ለዚህ ኮንሶሉም መልስ የለውም።

ምልክቷን ካነሳሁ በኋላ ሳይትማፑን አስገባሁ። ሳይትማፕ የገጾቻችሁ ዝርዝር ነው። ዎርድፕረስ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ራሱ ያዘጋጃል፤ እናንተ አድራሻውን ኮንሶሉ ላይ መለጠፍ ብቻ ነው። አንድ ፋይል እስከ 50,000 አድራሻ ይይዛል። የባልትና ቤት ሸቀጥ ለዚህ መች ይበቃና! አንድን ገጽ ለይታችሁ "መዝግብልኝ" የምትሉበት ቁልፍም አለ። ስሙ ላይ እንዳለው ጥያቄ ነው፣ ትእዛዝ አይደለም። ደጋግሞ መጫን ምንም አያፋጥንም። ጉግል ራሱ ከጥቂት ቀን እስከ ጥቂት ሳምንት ሊወስድ ይችላል ይላል። እኔ የመጀመሪያ ሰሞን ጠዋት ጠዋት ከቡና በፊት እሱን ነበር የምከፍተው።

ኮከቧን የቀነስኩት እዚህ ጋ ነው። ገጾቹ መግባት ሲጀምሩ የተወሰኑት ቀሩ። ምክንያታቸው "ተጎብኝቷል፣ ለጊዜው አልተመዘገበም" ይላል። ለምን? ዝም። ምን ይሻሻል? ዝም። ቀይ መብራት ያበሩባችኋል፣ የትኛው ሕግ እንደተጣሰ አይነግሯችሁም። ጉግል የጎበኘውን ሁሉ እንደማይመዘግብ አውቃለሁ፣ መብቱ ነው። ግን ቢያንስ "ይህ ገጽ ባዶ ነው" ወይም "ከዚያኛው ጋር አንድ ነው" ቢለኝ ምን ነበረበት?

መልሱን ያገኘሁት ራሱ ኮንሶሉ ውስጥ፣ ሌላ ጥግ ላይ ነው። የአንድን ገጽ አድራሻ ከላይ ባለው መፈለጊያ ላይ ስታስገቡ፣ ጉግል ገጹን ሲጎበኝ ያነበበውን ኮድ እንዳለ ማየት ይቻላል። "ምርቶቻችን" የሚለውን ገጽ አስገባሁ። እኛ ስናየው በዕቃ የተሞላ ገጽ ነው፤ በርበሬው፣ ሽሮው፣ ዋጋው ሁሉ አለ። ጉግል ያነበበው ግን የስልክ ቁጥር፣ "ለበለጠ መረጃ ይደውሉ" እና "መብቱ በሕግ የተጠበቀ ነው" ብቻ። ሌላው ሁሉ ፎቶ ነበር። ለቴሌግራም የተሠሩትን ፖስተሮች እንዳሉ አምጥተው ነው የለጠፏቸው። በርበሬ የሚለው ቃል ፖስተሩ ላይ በትልቁ ተጽፏል፣ ገጹ ላይ ግን አንድም ቦታ የለም። ዞር ብላችሁ የአገራችንን የንግድ ሳይቶች እዩ፤ ስንቶቹ የዋጋ ዝርዝራቸውን በፎቶ ነው የለጠፉት!

ስለዚህ ሥራው ጽሑፉን ጽሑፍ ማድረግ ሆነ። እዚያም ላይ አንድ ጣጣ ገጠመኝ። የምርቶቹ መግለጫ ማተሚያ ቤት ለማሸጊያው ባዘጋጀው ፋይል ላይ ነበረ። ኮፒ አድርጌ ሳይቱ ላይ ስለጥፈው የላቲን ፊደልና የምልክት ድብልቅ ሆኖ ቁጭ አለ። ፋይሉ የተጻፈው ዩኒኮድ ባልሆነ የድሮ ፎንት ነው፤ ዩኒኮድ ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደልን በአንድ ዓይነት እንዲያነቡ የሚያደርግ ስምምነት ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ግን አሮጌ ፎንቶች ዛሬም በየማተሚያ ቤቱ አሉ። በዓይን ስታዩት አማርኛ ነው። ከሥሩ ያለው ግን አማርኛ ስላልሆነ፣ "ሽሮ" ብሎ የሚፈልግ ሰው መቼም አያገኘውም። እንደገና አንድ በአንድ ጻፍኩት።

ከዚያ አንዱን ገጽ በታተንኩት። ሦስት ምድብ ሠራሁ፦ በርበሬና ቅመም፣ ሽሮና ጥራጥሬ፣ የልጆች ምግብ። ከእያንዳንዱ ሥር ለእያንዳንዱ ዕቃ የራሱ ገጽ አለው። የበርበሬው ገጽ ወደ ሚጥሚጣው፣ የሽሮው ገጽ ወደ መከለሻው ይመራል። የገጾቹ ርዕስ በፊት ሁሉም "ሆም" ነበር የሚለው፤ ጉግል ውጤት ላይ በትልቁ የሚወጣው ጽሑፍ አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ርዕስ ነው የሚወሰደው። አሁን እያንዳንዱ የዕቃውን ስም ይዟል። ዕቃ ሲያልቅ ገጹን መሰረዝም አቆምን። በፊት ንጥር ቅቤ ባለቀ ቁጥር ገጹ ይጠፋ ነበር፣ ቅቤ ሲመጣ አዲስ ገጽ ይከፈታል። ጉግል ደግሞ የድሮውን ሲፈልግ ያጣዋል፣ አዲሱን ከዜሮ ይጀምራል። አሁን "ለጊዜው አልቋል" ብለን እዚያው እንተወዋለን።

የገጾቹን አድራሻ በላቲን ፊደል አጭር አደረግሁት። በአማርኛ ማድረግ ይቻላል፣ ጉግልም ያነበዋል። ችግሩ ሰው ሊንኩን ኮፒ ሲያደርግ ነው። እያንዳንዷ የግዕዝ ፊደል በአድራሻ ውስጥ ስትመነዘር 9 ምልክት ትሆናለች። "ሽሮ" የምትለው ባለ ሁለት ፊደል ቃል 18 ምልክት ሆነች ማለት ነው። ረዘም ያለ ርዕስማ ቴሌግራም ላይ ሲለጠፍ ግማሽ ስክሪን ይወስዳል፤ ቫይረስ መስሎት የማይነካው ሰው አለ። ይህ የእኔ ምርጫ ነው፣ በአማርኛ የሚያደርጉ ሰዎችን አልወቅስም።

አሁን ወደ ምወደው ክፍል። ሰዎች ጽፈው የፈለጉትን ቃል የሚያሳየው ሪፖርት ነው። አራት ነገር ይሰጣችኋል፦ ውጤት ላይ ስንት ጊዜ እንደታያችሁ፣ ሊንካችሁ ስንት ጊዜ እንደተነካ፣ የተነካው ድርሻ ስንት እንደሆነ፣ እና አማካይ ደረጃችሁን። እስከ 16 ወር ወደ ኋላ ሄዳችሁ ማየት ትችላላችሁ። ሠንጠረዡ ከ1,000 መስመር አያልፍም። ጥቂት ሰው ብቻ የጻፋቸውን ቃላት ደግሞ ለሰዎቹ ሚስጥር ሲል ይደብቃቸዋል። ለትንሽ ሳይት ይህ ያበሳጫል፣ ምክንያቱም የእኛ ነገር ሁሉ ጥቂት ሰው የጻፈው ነው።

አክስቴ የተፈጨ በርበሬዋን "ስፔሻል ቁጥር አንድ" ነው የምትለው። ማሸጊያው ላይም እንደዚያ ነው። ሪፖርቱ ላይ ይህን የጻፈ አንድም ሰው አላየሁም። ሰው የሚጽፈው "የማረቆ በርበሬ" ነው። "የተዘጋጀ በርበሬ ዋጋ" ይላል። "ሽሮ ምጥን" ይላል። ማረቆውን የምትጠቀመው እሷ ራሷ ናት፣ ግን ለእሷ ግልጽ ስለሆነ የትም አልጻፈችውም። ርዕሱን "የማረቆ በርበሬ፣ የተዘጋጀና የተፈጨ" ብለን ቀየርነው። "ስፔሻል" የምትለዋ ማሸጊያው ላይ ቀረች፤ እሷን አስነሺ ብትሉኝ ከአክስቴ ጋር አልችልም።

ሌላው የፊደል ነገር ነው። "የሕፃናት ምግብ" የሚለውን ሰዎች በስንት ዓይነት እንደሚጽፉት በዓይኔ ያየሁት እዚህ ነው። በሐመሩ ሕ የሚጽፍ አለ፣ በሃሌታው ህ የሚጽፍ አለ። ፃ አለ፣ ጻ አለ። ጾምና ፆምም እንደዚሁ ነው። ኮንሶሉ እያንዳንዱን እንደ የተለየ ፍለጋ ነው የሚቆጥረው፣ በእኛ ሳይት ላይም የደረሱበት ደረጃ አንድ አይደለም። ለዚህ አንድ ጥሩ ነገር አለው። እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ማጣሪያው ውስጥ ሬጌክስ፣ ማለትም ብዙ አጻጻፍ በአንዴ የሚይዝ የፍለጋ ቀመር፣ መጻፍ ይቻላል። [ሕህኅ][ፃጻ]ናት ብላችሁ ስታስገቡ ሁሉንም አጻጻፍ በአንድ ላይ ሰብስቦ ያወጣላችኋል። እኔ ኤክሴል ላይ የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ ደስ አለኝ። ይህን ስላወቅሁ ግን አራቱንም አጻጻፍ ገጹ ላይ አልደረደርኩም። አንዱን መርጬ ርዕሱ ላይ አደረግሁ። ሌላው በብዛት የሚጻፈው ደግሞ ጽሑፉ ውስጥ፣ ደንበኞች በሚጠይቁት ጥያቄ መካከል ገባ። ያ ይበቃል።

መደርደር ምን እንደሚያመጣ ከድርጅቱ ጽሑፍ አይቻለሁ። የበርበሬው ገጽ ላይ የጻፉትን ቃል በቃል አልገለብጠውም፣ አካሄዱ ግን እንዲህ ነበር፦ "ምርጥ በርበሬ በአዲስ አበባ የምትፈልጉ ከሆነ የአዲስ አበባ ምርጥ በርበሬ ከምርጥ በርበሬ አቅራቢ…" ጉግል ቃል ማጨቅን ከአይፈለጌ አሠራሮች ውስጥ ነው የሚመድበው። ጉግል ባይኖርስ? ይህን አንብቦ በርበሬ የሚያምረው ሰው ማን ነው?

እኔ ያደረግሁት ወንበር ስቤ አክስቴ አጠገብ መቀመጥ ነው። እሷ ዛላ ትቀነጥሳለች፣ እኔ ስልኬ ላይ እጽፋለሁ። ዛላው ተቀንጥሶ ይታጠባል፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ከዚያ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብል፣ ከበሶብላና ከጤና አዳም ጋር ይደለዛል። ከተደለዘ በኋላ ተሸፍኖ ያድራል። እዚህ ላይ እጇን አቆመች። "ማፈኑን ጻፍሽው? እሱን ሳትጽፊ እንዳታልፊ። ሳይታፈን የተሰጣ በርበሬ ቀለም ነው ያለው እንጂ ጣዕም የለውም።" ጻፍኩት። ከዚያ እንደገና ይሰጣል፣ ኮረሪማው፣ ጥቁር አዝሙዱ፣ ነጭ አዝሙዱ ታምሶ ይገባበታል፣ ጨው ይጨመራል፣ ወፍጮ ቤት ይሄዳል። ለአንድ ኪሎ ዛላ ምን ያህል ኮረሪማ ብዬ ስጠይቃት "ዓይኔ ያውቀዋል" አለችኝ። ሚዛን አምጥቼ በዓይኗ የወሰደችውን መዘንኩት። ገጹ ላይ ያለው ልክ ያ ነው።

ልብ በሉ፣ "የበርበሬ አዘገጃጀት" ብሎ የሚፈልግ ሰው ሊገዛ አይደለም የመጣው፣ ሊሠራ ነው። ሙያ የሚባለው ሁሉ ለምን በነፃ ይሰጣል ያሉኝ ዘመዶች ነበሩ። የሆነው ግን ሌላ ነው። ሰውየው መቀንጠሱን፣ መደለዙን፣ ማሳደሩን፣ ፀሐይ መጠበቁን ያነብና ግማሹ ላይ ይደክመዋል። ገጹ መጨረሻ ላይ ስልክ ቁጥር አለ። ከውጭ የሚደውሉት ብዙዎቹ "አዘገጃጀቱን አንብቤ ነው" ነው የሚሉት። አክስቴ ይህን ስትሰማ የሽሮውንም ጻፊ አለችኝ፣ ያውም ሳልጠይቃት።

ውጭ ተወልደው ያደጉ ልጆች ደግሞ አማርኛ ይሰማሉ እንጂ በፊደል አይጽፉም። በርበሬንም ሽሮንም በላቲን ነው የሚጽፉት፣ እያንዳንዱ እንደመሰለው። ለእነሱ አጫጭር የእንግሊዝኛ ገጾች ለየብቻ ሠራሁ። አማርኛና እንግሊዝኛን አንድ ገጽ ላይ አንቀጽ በአንቀጽ ማፈራረቅ ለማንም አይመችም። ሁለቱን ገጾች ኤችሬፍላንግ በሚባለው ኮድ አያያዝኳቸው፣ ጉግል የአንዱ ትርጉም ሌላው መሆኑን እንዲያውቅ።

ከሪፖርቱ ላይ ያገኘሁት ሌላው ትምህርት የወቅት ነገር ነው። ዐቢይ ጾም ሲቃረብ ሽሮና የጾም ምግብ የሚሉት ፍለጋዎች ይነሳሉ፤ ፋሲካ ሲደርስ ቅቤና ድልህ ይተካሉ። ይህን ማንም እናት ያለ ኮንሶል ታውቀዋለች። የማታውቀው ሰው መቼ መፈለግ እንደሚጀምር ነው። ውጭ ያለው ሰው ከበዓሉ ብዙ ቀደም ብሎ ነው የሚፈልገው፣ ዕቃው መድረስ አለበታ። ገጹም ለመመዝገብ ጊዜ ስለሚፈልግ በስቅለት ዕለት የተለጠፈ የፋሲካ ገጽ ዋጋ የለውም። እኛ አንድ የፋሲካ ገጽ አለን። በየዓመቱ ያንኑ እናድሰዋለን እንጂ አዲስ አንከፍትም፣ ያለፈው ዓመት ያገኘው ቦታ እንዳይጠፋበት። ሠንጠረዡ በፈረንጅ ቀን መሆኑን መቼም ታውቁታላችሁ። ቀኑ የሚቆጠረው ግን በካሊፎርኒያ ሰዓት ነው፤ የእኛ ማለዳ እዚያ ገና ትናንት ማታ ስለሆነ የቀን ቁጥር ስታወዳድሩ አስቡበት።

ፍጥነትን የሚያሳይ ክፍልም አለው። የገጹ ዋና ነገር በ2.5 ሰከንድ ውስጥ መታየት አለበት ይላል መለኪያው። የእኛን ስከፍተው "በቂ መረጃ የለም" ነው ያለኝ። የሚለካው እውነተኛ ሰዎች ሲከፍቱት ስለሆነ፣ ጎብኚው ትንሽ የሆነ ሳይት ባዶ ይሆንበታል። ኮንሶሉን ትቼ በስልኬ ዳታ ከፈትኩት። የሚጥሚጣው ፎቶ ከላይ ወደ ታች እየተንጠባጠበ ሲመጣ ቆጠርኩት፣ ከዚያ ፎቶዎቹን በሙሉ አሳነስኳቸው። ለዚህ ሪፖርት አያስፈልግም።

የሚከፈልባቸውን ታዋቂ መሣሪያዎች አልሞከርኩም። በዶላር ካርድ በየወሩ መክፈል ለባልትና ቤት አይታሰብም። ስለ ተፎካካሪ ማወቅ የሚፈልግ ሰው እነሱን ይፈልግ፤ ኮንሶሉ የእናንተን ሳይት እንጂ የጎረቤታችሁን አያሳይም። ቴሌግራም ላይ ስለሚሆነውም አያውቅም፤ የአዲስ አበባው ገበያ ደግሞ ግማሹ እዚያ ነው።

ማን ይጠቀምበት? ራሱ ጽፎ ራሱ የሚያስተካክል ሰው። ለባለሙያ የሚከፍልም ቢሆን የባለሙያውን ሥራ በዓይኑ ለማየት ሲል ይክፈተው፤ "ስንት ገጽ ተመዘገበ?" የምትለዋን ጥያቄ ብቻ ይዞ ቢገባ እንኳ ብዙ ያድነዋል። ዌብሳይት ለሌለው፣ ደንበኛው ሁሉ የሰፈር ሰው ለሆነ ሰው ግን ይህ ዕቃ ምንም አያደርግለትም። እሱ ጉግል ካርታ ላይ ሱቁን በነፃ ያስመዝግብ፤ የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር ለማይታወቅበት ሰፈር ያቺ ቀይ ነጥብ ትበልጣለች። መግለጫው ላይ ደግሞ ሰው የሚያውቀውን ምልክት ይጻፍ። የእኛ "ከወፍጮ ቤቱ አጠገብ፣ ሰማያዊው በር" ነው የሚለው።